መኪናው ማታ የት ያድራል?

በአንድ የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን እንዳለ ለማቆየት ተሞክሯል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን ሲደውሉልኝ ጥያቄውን በአጭሩ ነው የነገሩኝ። «አባሎቻችን የመኪና ብድር እየጠየቁን ነው። ገበያ ላይ ያለው አዲስ መኪና ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ደመወዝተኛ ገዝቶ ያዛልቀዋል ወይ?» አሉኝ። የመጣሁት ይህንኑ ለመመለስ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። እጄን ያፍታታሁት በላዳና በኮሮላ ነው። ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ከሚቆሙት መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪ ብቻ ያላቸው ናቸው። መኪና አልሸጥም። ኮሚሽን የሚከፍለኝ አስመጪም የለም። ስለዚህ የምነግራችሁ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገረው። መኪናው በሚያድርበት ቦታ አስተማማኝ የመብራት መስመር ያለው ሰው፣ ውሎውም ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ይግዛ። ያዛልቀዋል። መኪናውን ሰው አጥር ሥር፣ መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰው ግን አይቸኩል። እንኳን ደመወዝተኛ ነጋዴም ይቸገራል። ሰው ሁሉ ሊገዛ ሲል «የቱ ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «መኪናው ማታ የት ያድራል?» እላለሁ። ከብራንዱ ይልቅ የሚያዋጣ ጥያቄ እሱ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ወጪውና ቻርጁ። ሁለተኛ መንገዱ። ሦስተኛ ብልሽቱና ጥገናው። በመሀል ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት እንዴት እዚህ እንደደረስን አንድ ሁለት ነገር ልበል። በ2022 እ.ኤ.አ. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ዝቅ አደረገ። ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጤቱን ሁላችሁም አይታችኋል። ሃያ ዓመት ያገለገለ ቪትዝ ዋጋው አይቀመስም። ዛሬ መምህሩ የሚያማርጠው ያረጀ ቪትዝና አዲስ ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና መካከል ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ መኪና ፍጹም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «ከዚያ ቪትዝ ይሻለኛል ወይ?» ነው መባል ያለበት።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ።

በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እንውሰድ። ከአያት ሜክሲኮ ሄዶ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አውጥቶ፣ ገበያ ገብቶ የሚመለስ ሰው ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ የሚፈጀው ከባከነው ጋር 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ስንት ነው? የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ሁለት ሰዓት ስትጋግሩ 7 ኪሎዋት ሰዓት ወጣ ማለት ነው። የመኪናችሁ የቀን ፍጆታ የአንድ ቀን እንጀራ ነው።

በብር እናስላው። የመብራት ታሪፍ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ነው። እንዳንታለል አስበልጠን እንያዝ። ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር እንበል። 70 ብር መጣ። የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢጠጣ፣ ለ40 ኪሎ ሜትር 3.2 ሊትር ነው። ሊትሩን በ120 ብር ያዙት። 384 ብር መጣ። በቀን ከ300 ብር በላይ ልዩነት አለ። በወር 25 ቀን ብትነዱ ከ7,500 ብር በላይ ኪሳችሁ ቀረ። ለመምህር ይህ ቀላል ገንዘብ ነው እንዴ? ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያልቀውን ሰዓት ደግሞ አልቆጠርኩትም።

ልብ በሉ! ይህ ስሌት የሚሠራው ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ነው። ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው! ፈጣን ቻርጀር የሚሰጡ ጣቢያዎች አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ከፍቷል፣ ሌሎችም አሉ። ለአደጋ ጊዜ፣ ለመንገድ፣ በጣም ጥሩ ናቸው። ግን በየቀኑ በእነሱ ላይ የሚኖር ሰው ዋጋውም ይከብደዋል፣ ወረፋውም ያማርረዋል።

«መብራት ቢጠፋስ?» የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና እንይ፣ ቢዋይዲ ሲጋልን። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሞልታ ካደረች አምስት ቀን ታስኬዳለች። ስለዚህ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ምንም አትሆኑም፣ ሁለት ሌሊት ቢጠፋም እንዲሁ። ደግሞም ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር እንኳ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ሌሊት ለአራት ሰዓት መብራት ከመጣ የቀኑን መልሳችኋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ አለ ማለት ነው። ችግሩ ያለው ከሰፈራችሁ ትራንስፎርመር እስከ እናንተ ሶኬት ባለው መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው መኪናዬ ቻርጅ አላደርግ አለኝ ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ከሳሎን በመስኮት የወጣ ቀጭን ኤክስቴንሽን አየሁ። ለቴሌቪዥን የሚሆን ዓይነት ነው። የተረፈው ገመድ እንደተጠቀለለ ነው። መኪናው ምንም አልሆነም። ኤክስቴንሽኑ ግን ቀልጦ ከወለሉ ምንጣፍ ጋር ተጣብቋል። ከምንጣፉ አጠገብ ባለው ክፍል ሁለት ልጆች ነው የተኙት። መኪናው ሙቀቱን አውቆ ቻርጁን ባያቋርጥ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት።

እባካችሁ፣ እባካችሁ በኤክስቴንሽን ቻርጅ አታድርጉ። ምጣድ ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ሰውም አጠገቡ ነው። መኪና ስምንት ሰዓት ሙሉ፣ ሰው ተኝቶ ነው የሚስበው። ግድግዳ ላይ ለሚገጠመው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 6 ሚሊ ስኩዌር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ኧርዝም፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ ያስፈልጋል፣ የግድ ያስፈልጋል! ብዙ ቤቶቻችን በደንብ የተቀበረ ኧርዝ የላቸውም። ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ታዲያ ቻርጀሩን አታልሎ ኧርዝ እንዳለ ያስመስለዋል። «ይኸው ሠራልህ» ይላል። ክረምት ላይ ግቢው ርሶ፣ አንድ ሕፃን የመኪናውን ላሜራ ሲነካ ነው ዋጋው የሚታወቀው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ አይግባ።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ አከራያችሁን አነጋግሩ። በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ የመኪና ቻርጅ ጸብ ያመጣል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም እንዲሁ። አንዲት ደንበኛዬ አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። መኪናዋን ከመግዛቷ በፊት የሕንጻውን ኮሚቴ ሰብስባ አስፈቀደች። ከራሷ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው በቱቦ ውስጥ መስመር አስወረደች፣ የሚቆለፍ ሳጥን አስገጠመች። ከዚያ ነው መኪናውን የገዛችው። ወጪ አለው፣ ጊዜም ፈጅቶባታል። ዛሬ ግን በሰላም ትነዳለች። ጎረቤቶቿም በዚያው መንገድ መስመር እየጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መንገዱ ነው። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ርቀት እንዳለ አትመኑ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚለኩበት መንገድ ለጋስ ነው። ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱለት። 405 ኪሎ ሜትር የተባለችው ሲጋል 300 ካስኬደቻችሁ ደስ ይበላችሁ። ዉሊንግ ሚኒ ዓይነቷ፣ መጀመሪያ 120 ኪሎ ሜትር ተብላ የወጣችው፣ ለሰፈር ጉዳይ እንጂ ለአገር አቋራጭ አይደለችም።

የአገራችን ከፍታ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቻል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ስለዚህ ምንም አያጣም። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስትወጡት ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ሙቀትም ብርድም የማይበዛበት አየር ለባትሪ ዕድሜ ጥሩ ነው። ድሬዳዋና ሰመራ ለምትኖሩ ወይም ለምትመላለሱ ግን ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መኪና ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፍ መኪኖች ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው እንደ አሪዞና ባሉ ሞቃት ቦታዎች ባትሪያቸው ቶሎ ደክሟል።

ዳገትስ? አዳማን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስትወርዱ መኪናው ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስትመለሱ ግን ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይበላል። የ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ያህል ነው። «ስሄድ ብዙ አልወሰደብኝም» ብሎ የመልሱን በዚያው ልክ የሚያሰላ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። እንጦጦ አካባቢ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ። የሞላ ባትሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። 90 ላይ አቁሙት።

ባለፈው ገና ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም እየወጣ ነው የሚሄደው። የአክስቴ ቤት ሶኬቶች ያረጁ ናቸው። ለመኪና የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ነበር፣ የምጣዱ። ለዚያ ወፍራም ሽቦ ተዘርግቷል፣ ብሬከርም አለው፣ ኧርዙንም ለክቼ አረጋገጥኩ። እቴቴ ግን ማግስቱ በዓል ነው፣ ትጋግራለች። «እኔ እስከ አራት ሰዓት እጨርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያንተ ይሁን» አለችኝ። ጨረሰች፣ ሰካሁ። ጠዋት ስነሳ የመመለሻዬ ሞልቶ ነበር። ይህን የማወራው ክፍለ ሀገር ሂዱ ለማለት አይደለም። የምታድሩበትን ቤት የምታውቁ ከሆነ መሄድ ይቻላል። የማታውቁት ቦታ ከሆነ፣ በመንገዱ ላይ የሚሠራ ቻርጀር መኖሩን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትውጡ። ለምሳሌ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው የዓባይ በረሃን ከድልድዩ ሲወጣ ለዳገቱ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያወጣል። በትንሽ ባትሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራችሁ በየሳምንቱ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚያመላልስ ከሆነ እኔ ዛሬ ይህን መኪና ግዙ አልላችሁም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ብልሽትና ጥገና።

ካንዴላ የለም። የሞተር ዘይት የለም። ፍሪሲዮን የለም። ማርሚታ የለም። የሚበጠስ የሞተር ቺንጋ የለም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠግን የኖርኩት ነገር ግማሹ እዚህ መኪና ውስጥ የለም። ቴክኖሎጂው ገና ሙከራ ላይ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ኖርዌይን ንገሩት። በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተሸጡ 10 አዲስ መኪኖች 9 ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምን ይበላሻል? እኔ ዘንድ ተጎትተው ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት! ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሿ ከደከመች መኪናው በሩንም አይከፍትም። አንድ የራይድ ሹፌር ሌሊት እያለቀሰ ነው የደወለልኝ። መኪናው በብድር የተገዛ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ዋናው ባትሪ ሞቷል፣ ይቀየር» ብለውታል። ሄጄ ትንሿን ባትሪ ቀየርኩ። መኪናው ተነሣ። አንድ ቤተሰብ በሐሰት ምርመራ ንብረቱን ሊያጣ ነበር። ስለዚህ ማንም ዋናው ባትሪ ሞቷል ቢላችሁ በስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ፣ ሳያሳያችሁ አትመኑት፣ ሁለተኛ ባለሙያም ጠይቁ።

ሌላው የሚያስቸግረን የመብራት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር ያቃጥላል። የቮልቴጅ መከላከያ ብታስገጥሙ ወጪው ከጥገናው ጋር አይወዳደርም። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ባትሪው ሆዱ ሥር ነው፣ ስለዚህ ኮብልስቶን የተነቀለበት ሰፈር፣ ያልተስተካከለ መንገድ ላይ ቀስ በሉ። ሆዱ ከተመታ ምንም አልሆነም ብላችሁ አትለፉት፣ መኪናውን ከፍ አስደርጋችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

ትልቁ ባትሪ ራሱስ? በአማካይ በዓመት ከአቅሙ 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አሥር ዓመት ቢያገለግል ከአምስት እጅ አራቱ ይቀራል ማለት ነው። አዲስ ሲሆን 300 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ያኔ 240 ያስኬዳል። ለከተማ ሰው አሁንም ይበቃል። ቢዋይዲዎቹ ያላቸው ብረት ያለበት ባትሪ፣ ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ አልፎ አልፎ 100 በመቶ መሙላት ያስፈልገዋል። ኒኬል ያለበት ሌላው ዓይነት ለዕለት ጉዞ 80 ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን የሚያስቆጨኝን ልናገር። ችግራችን ከመኪናው ጥራት ይልቅ አመጣጡ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቻይና ለራሷ ሕዝብ የሠራቻቸው ናቸው፣ በነጋዴ እጅ ይገባሉ። የቻርጅ ቀዳዳቸው የቻይና ነው። ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው። የፋብሪካው ዋስትናም ብዙ ጊዜ አብሯቸው አይመጣም። ሻጩ «የስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ይላችኋል። ማን ነው የሚሰጠው? በጽሑፍ ነው? እዚህ አገር ቢሮ አለው? ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። አንዲት እናት መኪናዋ ተጋጭቶ የፊት መብራቱና ዳሳሹ ከቻይና እስኪመጣ ወራት ጠብቃለች። መኪናው ቆሞ ብድሩ ግን ይቆጥራል። ስለዚህ ሰፈራችሁ ውስጥ በብዛት የምታዩትን ሞዴል ግዙ። ብርቅ መኪና አትግዙ! ብዙ ሰው የያዘው መኪና መለዋወጫው ይገኛል፣ የሚጠግነውም ባለሙያ ይኖራል። ኢንሹራንስ ስትገቡም ባትሪው በግልጽ መካተቱን አንብቡ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ጤንነት በስካነር ሳታስነብቡ ቀብድ አትክፈሉ። ኪሎ ሜትሩ ሊቀነስ ይችላል። ባትሪው የተሠራባቸውን የትንንሽ ሴሎች ቮልቴጅ ማስዋሸት ግን ይከብዳል። ሻጩ አላስነብብም ካለ ትታችሁ ሂዱ።

በመጨረሻ ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አለኝ። ብድሩን ስትሰጡ ለመኪናው ብቻ አትስጡ። ለመስመሩ፣ ለኧርዙና ለቮልቴጅ መከላከያው የሚሆን ገንዘብ በዚያው ብድር ውስጥ ይካተት። ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊትም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የተበዳሪውን ቤት ይይ። የመጀመሪያዎቹን ተበዳሪዎች ቤት እኔ ራሴ ያለ ክፍያ አያለሁ። ስልኬ ጸሐፊያችን ዘንድ አለ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ እጅ ያወጣችሁት እህቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር።